ከደንገጎ ተነሥቶ እስከ ሐረማያ ሐይቅ በእግር፦ የባልና ሚስት የአንድ ቀን ጉዞ

የከዚራ ነዋሪ፣ መስከረም 28

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ በትዳር ሃያ ሁለት ዓመት ድሬ ዳዋ ስንኖር ወደ ሐረር የወጣንበትን ጊዜ ቆጥረን አንጨርሰውም፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ አንዳንዴም ሙቀቱ ሲጠናብን ለአንድ ቀን ነፋስ ለመቀበል ወጥተናል። ይሁን እንጂ በሐረር መንገድ ላይ ካለችው ከደንገጎ በላይ ያለውን አገር ያየነው ሁልጊዜ በሚኒባስ መስኮት ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ባለቤቴ ስትለው የኖረችውን ፈጸምን፤ ደንገጎ ላይ ወርደን እስከ ሐረማያ ሐይቅ በእግራችን ሄድን፣ ማታም ቤታችን ገባን። ይህን ጉዞ የሚያስቡ ሌሎች ባልና ሚስት ቢኖሩ እንዲጠቅማቸው፣ እኛም የሳትነውን እንድንታረም የሆነውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ከቤት የወጣነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የመጀመሪያውን የሐረር ሚኒባስ ይዘን ጠመዝማዛውን አቀበት ወጣን። ድሬ ዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን ሐረማያ ከ2000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ መጥቶ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር የቆመው፣ ሐረርም ሳይደርስ የቀረው በዚሁ አቀበት ምክንያት ነው፤ ከተማችንም የተወለደችው ባቡሩ ከቆመበት ነው። አባቴ በባቡር ጥገና የሠሩ ሰው ስለነበሩ በልጅነቴ ይህን ተራራ እያሳዩ ያጫውቱኝ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በእግሬ ረግጬው አላውቅም ነበር። ደንገጎ ስንወርድ ባለቤቴ በሹራቧ ላይ ነጠላዋን ደረበች፤ ከአንድ ሰዓት በፊት በቤታችን ደጃፍ ላብ እየጠረግን ነበር።

ዋናው መንገድ መኪና ስለሚበዛበት በአስፋልቱ ዳር አልሄድንም። በማሳ ድንበር ላይ ወደ አዴሌ አቅጣጫ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዝን። ወሩ መስከረም በመሆኑ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ወጥቷል፤ በመካከሉ ጫቱ በረድፍ ቆሟል፤ እርከኑ እየተደራረበ ወደ ኮረብታው አናት ይወጣል። እኔ አየሩም መንገዱም ስለተመቸኝ ገሰገስኩ። ዞር ብዬ ባለቤቴን ስፈልግ ማሽላው ጋርዷት አላየኋትም። ተመልሼ ስፈልጋት በሌላ የእግር መንገድ ገብቼ አንድ ጥልቅ ቦረቦር አፋፍ ላይ ደረስኩ፤ ስልክም አልሠራልኝም። አርባ ደቂቃ ያህል ከተጠፋፋን በኋላ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መርቶ አገናኘን። አዲሱ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት በእርከን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

አዴሌ ላይ አንዲት እናት ከቤታቸው ደጃፍ አስቀምጠውን ሆጃ አጠጡን። የቡናው ገለባ ከወተት ጋር ፈልቶ ትንሽ ጨው ገብቶበት በስኒ ሲቀርብልን የባለቤቴ ፊት ተመለሰ። ከዚያ የአዴሌን ሐይቅ አልፈን፣ በእኛ እርምጃ ዕረፍቱንና መጠፋፋቱን ጨምሮ ከስድስት ሰዓት ባላነሰ ጊዜ፣ ሐረማያ ሐይቅ ዳርቻ ደረስን። እዚያም ሌላ ስሕተት ሠራሁ። ሣር ያበቀለውን ዳርቻ ጠንካራ መሬት መስሎኝ ስረግጠው ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ፤ እግሬ ሲወጣ ጫማዬ ውስጥ ቀረ። ባለቤቴ ቀበቶዬን ከኋላ ይዛልኝ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አወጣሁት። ጭቃው ጥቁር ነው፤ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ የበሰበሰ ሣር ይሸታል። ከጫማዬ ምላስ ሥር እስከ ዛሬ አጥቤ አልጨረስኩትም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ሐይቁን መዞር የሚፈልግ ሰው በየት በኩል ቢሄድ ይሻለዋል? በጉዞው ላይ ምን ማድረግ፣ ምንስ መተው ነበረብን? ደግሞም ደርቆ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ውሃ ይዞ ሳየው ደስ ብሎኛል፤ ይህ ደስታዬ መሠረት ያለው መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ብሰማ እወዳለሁ።

የባቴ ተመራቂ፣ መስከረም 29

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባቴ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብተራችንን ይዘን ሐይቁ ዳር እንቀመጥ ነበር፤ ዳክዬውና ሳቢሳው ከአጠገባችን አይሸሽም። በ1998 ዓ.ም. ለሥራ ስመለስ በዚያው ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ፣ ልጆችም ኳስ ሲጫወቱ አገኘሁ። ከመኪና ወርጄ የምሄድበት ጠፍቶኝ ቆሜ ነበር።

ደስታህ መሠረት እንዳለው ለጠየቅኸው፣ ሐይቁ ለምን እንደደረቀ ብናውቅ መልሱ ይቀርበናል። ሐረማያ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። ከዙሪያው ኮረብታ የወረደው ውሃ ይጠራቀምበታል እንጂ በወንዝ አይወጣም፤ የሚጎድለው በትነት፣ ወደ መሬት በመስረግና ሰው በሚቀዳው ብቻ ነው። ጥልቀቱም ከጥቂት ሜትር የሚያልፍ አልነበረም። ባንድ በኩል ኮረብታው ዛፉን ባጣ ቁጥር ዝናቡ አፈሩን እያጠበ ሐይቁ ውስጥ ደለል አከማቸ፤ እግርህን የያዘው ያ ጥቁር ጭቃ ትናንት የኮረብታው እርሻ የነበረ ነው። በሌላ በኩል ለጫት፣ ለድንችና ለአትክልት መስኖ የሚሠሩት ፓምፖች በዝተው በቀጥታ ከሐይቁም፣ በዙሪያው ከተቆፈሩት ጉድጓዶችም ይስቡ ነበር። በዳርቻው የሚቆፈር ጉድጓድ የሚጠጣው ያንኑ የሐይቁን ውሃ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በዚህ ላይ ሐረር ከተማ፣ አወዳይ፣ የሐረማያ ከተማና ዩኒቨርሲቲው የሚጠጡት ከዚሁ ነበር። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ሐይቁን አደረቁት።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጥሩ ክረምት ተከታትሎ ውሃው ተመልሷል፤ በተፋሰሱ ላይም የእርከንና የችግኝ ሥራ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ውሃውን የጨረሱት ምክንያቶች አብዛኞቹ ዛሬም በቦታቸው ናቸው። አንተ ያየኸው መስከረም ላይ፣ ሐይቁ በሚሞላበት ወር ነው። ጥር ወይም የካቲት ላይ ሳታየው አትመን።

ነርሷ ከሳቢያን፣ መስከረም 29

የተከበሩ ወንድሜ፣ የባለቤትዎ ተረከዝ እንዴት እንደሆነ ባይጽፉም ከሁሉ በፊት እሱን እጠይቃለሁ። ውሃ የቋጠረ ቁስል ከሆነ አያፍርጡት፤ ከፈረጠም በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ዙሪያው ከቀላ ወይም ከሞቀ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አዲስ ጫማ ለረጅም መንገድ አይደረግም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት በሰፈር ውስጥ ተለማምዶ፣ በድርብ ካልሲ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። የከፍታ ሕመም የሚባለው በአብዛኛው ከ2500 ሜትር በላይ ስለሚጀምር ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረማያ የሚወጣ ጤነኛ ሰው ሊፈራው አይገባም። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ረጅም አቀበት አይሞክር። የበለጠ የሚያሳስበኝ ፀሐዩ ነው። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ የድሬ ሰው ፀሐዩ ደካማ ይመስለዋል፤ በከፍታ ላይ ግን ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል። ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይለዩ። ብርድ ስለሆነ አልጠማኝም ብሎ ውሃ መተውም ሌላው ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ትልቁ ነው። እግርዎና ክንድዎ ጭቃው ውስጥ ገብተዋል። ሣር በበዛበት፣ ጸጥ ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያን ተሐዋሲ ይሸከማል፤ ተሐዋሲውም በጤነኛ ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በሐረማያ ዙሪያ ቢልሃርዚያ የታየ በሽታ ነው። አንድ ጊዜ የነካ ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። ቢገኝብዎ እንኳን ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይድናል። ከዚህ በኋላ በሐይቁ ዳር በባዶ እግር አይቁሙ፤ ፊትዎንም በውሃው አይታጠቡ።

የጁገል ልጅ፣ መስከረም 30

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ጀማሪ ባልና ሚስት ከደንገጎ መነሣት የለባቸውም። ከሐረር ወይም ከአወዳይ በኩል መጥተው ባቴ ላይ ቢወርዱ ሐይቁን በቅርብ ያገኙታል፤ ጉልበታቸውን በመንገዱ ሳይጨርሱ ዳርቻውን ቀስ ብለው ያዩታል። አንዳንዶች ደግሞ የተራራ ሐይቅ ማለት ወንጪ ነው ይላሉ። እኔም አይቼዋለሁ፤ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከ2800 ሜትር በላይ፣ በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ፣ በደሴቱ ላይ ገዳም ያለው ውብ ሐይቅ ነው። ግን ከድሬ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት አይደለም። ተራራ መውጣት ለሚፈልግማ ምሥራቁ ጋራ ሙለታ አለው፤ ከ3300 ሜትር በላይ ነው። የዱር ፈረሶች ያሉበት ቁንዱዶም አለ። በእነዚህ አናት ላይ ግን ሐይቅ የለም። ሐይቅና አቀበት ባንድ ቀን የሚፈልግ የእኛ ሰው ያለው ሐረማያና አዴሌ ነው።

ሆኖም «ሐይቁ ተመለሰ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይሸበራል። ሐይቁ ሲደርቅ እኔ ሐረር ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትቀሰቅሰኝና ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ወረፋ እይዝ ነበር። አንዳንድ ቀን ውሃው ሳይደርሰኝ ይነጋል፤ ጀሪካኖቹን በድንጋይ ደግፌ በወረፋው ላይ ትቻቸው ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ዛሬ ሐረር የሚጠጣው ከድሬ ዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በፓምፕ ወደ ላይ የሚገፋ ውሃ ነው። እናንተ በሚኒባስ የወጣችሁትን ያንን አቀበት ውሃውም ይወጣዋል። ይህን እያወቅሁ በሐይቁ ዳር ሽርሽር መሄድ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አሁን ግን ሰው ሄዶ ቢያየው እመርጣለሁ፤ ሲጎድልም የሚያይ ዓይን ይኖራልና።

የአዴሌ ተወላጅ፣ ጥቅምት 1

ከብት ጠባቂው ልጅ ስላገናኛችሁ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ልጁን ከመጀመሪያው ይዛችሁት ብትሄዱ ኖሮ አትጠፋፉም ነበር። የምትሄዱባቸው የእግር መንገዶች የሰው ማሳ ድንበሮች ናቸው። ወደ ማሳ ከመግባት በፊት «አሰላሙ ዐለይኩም» ወይም «ነጋያ» ብሎ ቆሞ መልስ መጠበቅ ይገባል፤ ማንም አይከለክላችሁም፤ ብዙ ጊዜም ባለማሳው ራሱ የሚያወጣችሁን መንገድ ያሳያችኋል። ጫት ላይ መድኃኒት በሚረጭበት ቀን በመካከሉ አትለፉ፤ ሽታው ብቻ ያስታውቃል። የመስኖ ቦይም በእግር አይደረመስ፤ አንድ ገበሬ ግማሽ ቀን የደከመበት ነው። ሴቶችንና ማሳን ፎቶ ከማንሣት በፊት ጠይቁ። ለሚመራችሁ ሰው የቀን ሥራውን የሚያካክስ ገንዘብ ክፈሉ፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ ለቤተሰቡ ነግራችሁ ውሰዱት።

ሐይቁን ለመዞር ለጠየቃችሁት፣ ዳር ዳሩን ሳይሆን ከብት በሚሄድበት መንገድ ሂዱ። ከብት የረገጠው ይጠነክራል፤ ሣሩ ለምለም ሆኖ ኮቴ የማይታይበት ቦታ ላይ ግን በፍጹም አትርገጡ። ስሙንም ላስታውሳችሁ፤ በእኛ ቋንቋ ሀሮ ማለት ሐይቅ ነው። ሐይቁ በጠፋባቸው ዓመታት እኛ ሀሮ የሚለውን ቃል ባዶውን ሜዳ እያየን እንጠራው ነበር።

የከዚራ ነዋሪ ባለቤት፣ ጥቅምት 2

ባለቤቴ የጻፈውን አይቼ፣ የተሰጡትንም ምክሮች ሁሉ አንብቤ አመሰግናለሁ። ተረከዜ ድኗል። በአንድ ነገር ላይ ግን ጽሑፉን ማሟላት አለብኝ። እኔ የቀረሁት ማሽላው ስለጋረደኝ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተጣርቼ አልሰማኝም። ሦስተኛ ለመጣራት አፍሬ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር በቤታችን ውስጥ እኔ ቀድሜ እሱ ሲከተል፣ ውጭ ስንወጣ እሱ ቀድሞ እኔ ስከተል ለምደነዋል፤ ከተማ ውስጥ የእሱ እርምጃ ለእኔ ከብዶኝ አያውቅም ነበርና ይህን ተነጋግረንበት አናውቅም። አሁን ተነጋግረናል። ከእንግዲህ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ፤ ውሃውና ምሳው ያለበትን ቦርሳም እሱ ይዞ ከኋላ ይመጣል።

በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ የተቀመጥኩበት እርከን ከአንድ የጫት ማሳ በላይ ነበር። አንድ ሰው ሰማያዊ የፓምፕ ቱቦ ይዞ ውሃውን ከረድፍ ወደ ረድፍ ሲያዘዋውር ዝም ብዬ አየሁት። አንዱ ረድፍ ሲጠግብ አፈሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይዘጋና ለሚቀጥለው ይከፍታል። በእጁ አይነካውም፤ በእግሩ ጣት ብቻ ነው የሚሠራው። የረድፎቹን ቁጥር ሃያ ስምንት አደረስኩና ባለቤቴ መጣ። ሰውየው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ ውሃ ነው፤ እኔ ደግሞ ሐይቁን ለማየት የመጣሁ እንግዳ ነኝ። የባቴው ተመራቂ ፓምፕ ብለው የጻፉትን ሳነብ የመጣልኝ የሰውየው እግር ነው፤ ስለ ሐይቁ የሚወሰን ማንኛውም ነገር እሱንም ቁጭ አድርጎ ካላነጋገረ አይጸናም ብዬ አምናለሁ።

ባለቤቴ ያልጻፈው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከመመለሳችን በፊት ከብት በሚጠጣበት ጠንካራ ቦታ፣ ከውሃው ጫፍ ላይ፣ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጬ መጥቻለሁ። ጥር ላይ ተመልሰን እናየዋለን።

የከዚራ ነዋሪ፣ ጥር 16

ባለቤቴ በገባችው ቃል መሠረት ባለፈው እሑድ ሄደናል። የጁገልን ልጅ ምክር ተቀብለን ባቴ ላይ ወረድን፤ ከዚያ ከአዴሌው ተወላጅ እንደተማርነው አንድ የአካባቢ ሰው ይዘን በከብት መንገድ ዳርቻውን ግማሽ ያህል ዞርን። ባለቤቴ ከፊት ሄደች። በአሮጌ ጫማዋ ነው የሄደችው። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ስሄድ ቀድሞ በገስጋሽነቴ ያላየኋቸውን ብዙ ነገሮች አየሁ፤ የማሽላው አገዳ ተቆርጦ በየቤቱ ጥግ ተከምሯል፤ ከኮረብታው ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ቦዮች አፋቸው ላይ የተከማቸው ደለል አፈር ገና እርጥብ ነው። የጤና ምርመራውንም በኅዳር አድርጌ ነጻ ወጥቻለሁ፤ ነርሷን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ድንጋዩን አገኘነው። ከውሃው ጫፍ ሰላሳ አራት እርምጃ ርቆ፣ በደረቀ ሣር መካከል ተቀምጧል። በድንጋዩና በውሃው መካከል ሦስት ቱቦዎች ተዘርግተዋል። ባለቤቴ ሰላሳ አራቱን እርምጃ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ይህ ብዙ ነው ወይስ የየዓመቱ ልማድ ነው?

የባቴ ተመራቂ፣ ጥር 17

እርምጃው ብቻውን አያስደነግጣችሁ። ዳርቻው በጣም ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ጥቂት ሲወርድ ጠርዙ ብዙ ይሸሻል። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ብዙ ዝናብ ስለማይኖር በትነት ብቻ እንኳን ይጎድላል። ስለዚህ የሐይቁን ሁኔታ ለማወቅ ርቀቱን ሳይሆን ከፍታውን መለካት ይሻላል። በዙሪያው ያሉትን ሰዎች አስፈቅዳችሁ፣ ከብት በማይደርስበት ቦታ፣ በየአሥር ሳንቲሜትሩ ምልክት የተደረገበት ረጅም እንጨት ውሃው ውስጥ ትከሉ። እንጨቱን የሚያነብ አንድ ተማሪ ከባቴ ፈልጌ አገናኛችኋለሁ። የአንድ ዓመት ጥርን ከሌላው ዓመት ጥር ጋር ካላነጻጸርን እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ ነው የሚለውን መናገር አንችልም።

የከዚራ ነዋሪ ባለቤት፣ ጥር 18

እንጨቱን ባለቤቴ ከአንድ አናጺ ዘንድ ዛሬ አሠርቶ አመጣው፤ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ ምልክቶቹን እኔ በነጭ ቀለም ቀብቻለሁ። የሐረሩ ሚኒባስ ረዳት በጣሪያው ላይ ለመጫን እሺ ካለን የካቲት ላይ እንወስደዋለን። የአዴሌው ወንድማችን፣ እንጨቱን የምንተክልበትን ቦታ ለማስፈቀድ ማንን ቀድመን ማነጋገር እንዳለብን ቢነግሩን እናመሰግናለን። ሆጃ ያጠጡንን እናትም በዚያው መንገድ ለማየት አስበናል፤ ስኳርና የሻይ ቅጠል ይዘን ብንሄድ ተገቢ ይሆናል?

የአዴሌ ተወላጅ፣ ጥር 18

መጀመሪያ ማሳቸው ከዳርቻው ጋር የሚዋሰነውን ሰዎች ነው። ቀኑን ንገሩኝ፤ ደንገጎ ድረስ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። ስኳሩ ተገቢ ነው።